ግርማ ትራምፔቱን ይዞ የመጣበት እሁድ

ባለፈው ወር አንድ የማላውቀው ልጅ ስልክ ደወለልኝ። ከዕድሩ ነው። አማርኛው እዚህ ሜልቦርን ያደገ ልጅ አማርኛ ነው፤ ቃል እየመረጠ፣ እየተጠነቀቀ ይናገራል።

«እትዬ ማርታ፣ ጋሽ ግርማ ማረፋቸውን ሰምተዋል?»

አልሰማሁም ነበር። ዘመድ ስለሌላቸው የሕይወት ታሪካቸውን የሚጽፈው እሱ እንደሆነ ነገረኝ። ቤታቸውን ሲያጸዱ አንድ ፎቶ አግኝተዋል። ፎቶው ላይ ፒያኖ የምትጫወት ወጣት አለች፤ አንዲት የዕድሩ ሴትዮ አይታት «ይቺማ ማርታ ናት» አለች።

«እርስዎ ነዎት?»

ሽንኩርት ጥጄ ነበር፤ ማረር ሲጀምር ይሸተኛል። እጄን ዘርግቼ ማጥፋት ግን አቃተኝ። «አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኩት።

«የት ነው የሚተዋወቁት?»

«አብረን እንሠራ ነበር። ትራምፔት ይነፋ ነበር። ጎበዝ ነበር» አልኩና ወጥ እያረረብኝ ነው ብዬ ዘጋሁት።

በቀብሩ ዕለት ከኋላ ቆምኩ። ሰዉ ሠላሳ አይሞላም። ልጁ ከወረቀት ላይ አነበበ፤ ጅጅጋ ተወለዱ፣ ኩባ ተማሩ፣ ወደ አውስትራሊያ መጡ፣ በመጋዘን ሠራተኛነት አገለገሉ። ከዚያ «ሙዚቃም ይወዱ ነበር» አለና ወረቀቱን አጠፈ። አጠገቤ የቆመች ሴት ከንፈሯን መጠጠች። እኔ ግን ፊቴ ጋለ። ያቺ አንድ መስመር ከእኔ የተገኘች ናት። አሥር ገጽ መስጠት እችል ነበር። የቀረውን እዚህ እጽፈዋለሁ፤ ለእሱ ክብር ብዬ ብቻ አይደለም፤ የኔን ድርሻ የሚያውቅ ሌላ ሰው ስለሌለ ነው፣ ወይም የሌለ ስለመሰለኝ።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከናይሮቢ ከመጣሁ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖኛል። ያመጣኝ ታላቅ ወንድሜ ዳንኤል ነው። እናታችን ስትሞት እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ እሱ ደግሞ አሥራ ዘጠኝ። ትምህርቱን ትቶ ያሳደገኝ፣ በስደት መንገድ ሁሉ እጄን ይዞ ያሻገረኝ እሱ ነው። እስከ ዛሬ «ጋሼ» ነው የምለው። ሰንሻይን ዌስት ከእሱና ከሚስቱ ጋር እኖር ነበር። ጌታን የተቀበልን ቤተሰብ ነን። ጋሼ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ እሁድ እሁድ የምንከራያት አንዲት አዳራሽ ነበረች፣ በአንድ በኩል የጎማ መጋዘን፣ በሌላው በኩል የሣር ሜዳ ያላት። እዚያ ኪቦርድ እጫወት ነበር። ሌላ የሚችል ሰው አልነበረም።

በሥራ ቀን የመጀመሪያውን ባቡር ይዤ ከተማ መሃል እሄድና የአንድ ዩኒቨርሲቲ ሕንፃ አጸዳ ነበር። ተማሪዎቹ ሳይመጡ መጨረስ አለብን። አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች፤ ግድግዳ ላይ የተጠጋ አሮጌ ፒያኖ አለባት። በየቀኑ ክዳኑን እወለውላለሁ፣ አልከፍተውም። አንድ የሐምሌ ጠዋት ግን ከፈትኩት። ሐምሌ እዚያም እዚህም ክረምት መሆኑ ይገርመኝ ነበር፤ በዚህ አገር የቀረው ሁሉ ተገልብጦ ሳለ ሐምሌ ብቻ እንደ አገር ቤቱ ነው። ጓንቴን አወለቅኩና ጣቶቼ እስኪሞቁ አንድ መዝሙር ጀመርኩ።

ከኋላዬ «ታ... ታ... ታ፣ ታ ታ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል ሱፐርቫይዘራችን ግርማ በር ላይ ቆሟል። ሁለት የነጭ ሰሌዳ ማርከር ይዞ እርስ በርስ ያጋጫል። ደንግጬ ተነሣሁ።

«አታቁሚ» አለኝ።

«ጋሽ ግርማ፣ ይቅርታ፣ ትንሽ ብቻ...»

«ጋሼ አትበይኝ፤ ገና ሠላሳ አልሞላኝም። ተቀመጪ። ይሄ ምት ክላቬ ይባላል፤ በእነሱ ቋንቋ ቁልፍ ማለት ነው። በይ መዝሙርሽን በእሱ ላይ ሂጂበት።»

«መዝሙር በዚህ አይሄድም።»

«ሞክሪያ!»

ሞከርኩ። ሦስት ጊዜ ወደቅኩ፣ በአራተኛው ሄደ። መዝሙሩ ያው መዝሙር ነው፤ ግን የሆነ ቦታ ላይ ወገቡን የፈታ መሰለኝ። ሳቄ አመለጠኝ። ግርማ አልሳቀም፤ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥ ነበር።

ግርማ ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነበር። የላይኛው ከንፈሩ መሃል ላይ አንድ ክብ ምልክት አለው፤ ትራምፔቱ ለብዙ ዓመት ያተመበት ነው። የትራምፔቱን አፍ ነቅሎ ኪሱ ውስጥ ይይዘዋል፤ ብረቱ እንዲሞቅ ነው ይላል። አሳንሰር ውስጥ ብቻችንን ስንሆን አውጥቶ ያንን ብቻ ይነፋዋል። እንደ ዝንብ ነው የሚጮኸው። እኔ ስስቅ እሱ አኩርፎ ወደ ጣሪያው ያያል።

ታሪኩን የነገረኝ በዕረፍት ሰዓት ነው፣ ቁራጭ በቁራጭ። አባቱ ወታደር ነበር፤ በሶማሊያ ጦርነት ሞተ። ግርማን በአሥራ ሦስት ዓመቱ ከሌሎች ልጆች ጋር በመርከብ ጭነው ኩባ ወሰዱት። ደሴት ላይ ባለ ትምህርት ቤት፣ ጠዋት ግሬፕፍሩት ይለቅማሉ፣ ከሰዓት ይማራሉ። «እጄን ሳሸተው ዛሬም ይሸተኛል» ይለኝ ነበር። አንድ ዓይኑ የማያይ ሽማግሌ የሙዚቃ አስተማሪ ነበር፤ ልጆቹን ሁሉ አሰልፎ ከንፈራቸውን እያየ ሲያልፍ እሱ ጋ ሲደርስ ቆመና «አንተ» አለው። በቃ። አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላው በአውራጃው የዳንስ ኦርኬስትራ ውስጥ ሁለተኛ ትራምፔት ሆነ፣ ኋላም አንደኛ። አገር ቤት ሲመለስ ግን ስፓኒሹንም ትራምፔቱንም ምን እንደሚያደርጉለት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እናቱ ሞታለች። ተሰደደ።

ይህን ሲነግረኝ ከፕላስቲክ ዕቃ ሩዝና ጥቁር ቦሎቄ ይበላል፤ ላዩ ላይ በርበሬ ነስንሶበታል። ሁለቱን አገሮቹን በአንድ ማንኪያ ይበላቸዋል ብዬ አስብ ነበር። አንዳንዴ ማንኪያውን ይሰጠኛል።

ባንድ ነበረው። ከእሱ ሌላ ዘጠኝ ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም ላቲኖች፣ የቺሌና የኮሎምቢያ ስደተኞች። ስሙን ላ ቶሮንኻ ብሎታል፤ ግሬፕፍሩት ማለት ነው። በዚያ ዓመት መስከረም ላይ ፒያኖ ተጫዋቹ ጠቅልሎ አገሩ ገባ። ግርማ ወደ አራተኛ ፎቅ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«አንቺ ትችያለሽ» አለኝ።

«ዘፈን ነው። እኛ ቤት ዘፈን የለም፤ ታውቃለህ።»

«አንቺ መች ትዘፍኛለሽ? ፒያኖ ነው የምትመቺው።»

ሰበቡ ቀጭን ነበር። እኔ ግን የፈለግኩት ሰበብ ብቻ ነው። ጋሼን «ቅዳሜ ቅዳሜ ኦቨርታይም አለ» አልኩት። «በርቺ፣ ጌታ ይባርክሽ» አለኝ። እንዲህ በቀላሉ ማመኑ ለጊዜው አሳዘነኝ፤ ከሦስተኛው ቅዳሜ በኋላ ግን አላሳዘነኝም። ውሸት እንደ አዲስ ጫማ ነው፤ የሚያቆስለው መጀመሪያ ላይ ነው።

ልምምዱ ኬንሲንግተን ነበር፤ ግርማ በሚኖርበት፣ ኮሚሽን ፍላት በሚሉት የመንግሥት ኪራይ ፎቅ ሥር፣ ለነዋሪዎች በተተወች አንዲት ክፍል ውስጥ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ መስኮቱ ክፍት፣ ባቡሩ ሲያልፍ ብርጭቆው ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ኮንጋ የሚሉትን ከበሮ የሚመታው ሮድሪጎ የሚባል ወፍራም ቺሌያዊ ነው፤ ሚስቱ በጨርቅ ጠቅልላ ሳምቡሳ የመሰለ ትልልቅ ነገር ትልክለታለች፤ ውስጡ ሥጋ፣ ወይራና ዘቢብ። ዘቢብ በሥጋ! መጀመሪያ ተጸየፍኩ፣ ኋላ ሁለት ሁለት እበላ ጀመር።

ግርማ ትራምፔቱን ሲይዝ ሌላ ሰው ነበር። ላቲኖቹ «ኺርማ» ይሉታል። ጣቱን ብቻ ሲያነሣ ዘጠኙም ቀጥ ይላሉ። የተሳሳተውን ሰው ስም ጠርቶ በስፓኒሽ ይጮህበታል፤ የአባቱ ዕድሜ ያለውን ባስ ተጫዋች እንኳ አይምርም። እኔን ግን ሲያርመኝ በአማርኛ ነው፣ በዝግታ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙብኝ። «ግራ እጅሽን አስታግሺው፤ ማንም አያሯሩጥሽም።» ከዚያ ይነፋል። እንዴት እንደሚነፋ ልጽፍ ሞክሬ ሰርዤዋለሁ። የሚጮህ ትራምፔት ብዙ ሰምቻለሁ። የእሱ አይጮህም ነበር፤ ከፍ ብሎ ሄዶ እዚያ ላይ ቆሞ ያወራ ነበር።

ጅጅጋ የሚል አንድ ሙዚቃ ደርሷል። ዜማው በአምባሰል ቅኝት ነው፣ አካሄዱ ግን ኩባ። የጻፈልኝን የፒያኖ ክፍል ለሁለት ሳምንት ታግዬ አልሆንልሽ አለኝ፤ ስለዚህ አንድ ቀን ቀኝ እጄን በራሴ መንገድ ለቀቅኩት፣ መዝሙር ስናጅብ እንደምናደርገው ጥያቄና መልስ አድርጌ። ግርማ ጣቱን አነሣ። ሁሉም ቆመ። ይጮህብኛል ብዬ ሳቀረቅር «እንደገና» አለኝ። እንደገና ተጫወትኩ። የጻፈውን ወረቀት ከፊቴ አንሥቶ ቀደደው። «ከእንግዲህ ይሄ ነው።» በወረቀት ያልሰፈረ፣ ከእኔ ጣት በቀር የትም የሌለ ነገር ነበር። ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ ባቡሩ ውስጥ ጉልበቴ ላይ ስጫወተው ነው የደረስኩት።

ፍቅር ነበር ወይ ለሚለኝ፣ ስም አልሰጠነውም። አንድም ቀን እጄን ይዞኝ አያውቅም። እኔም የያዘኝ ቢሆን ብዬ ያሰብኩት ዘግይቼ ነው።

ገና ካለፈ በኋላ ወሬ መጣ። ላቲኖች በየበጋው የሚያዘጋጁት የጎዳና በዓል ላይ ባንዱ ሊጫወት ነው፤ ከሲድኒ ደግሞ ለባንዶች ሥራ የሚይዝ ሰው በልምምድ ላይ የቀዳነውን ካሴት ሰምቶ ሊያየን ይመጣል። ከወደደን ዓመቱን ሙሉ በየከተማው ያዞረናል፣ አልበም ያስቀርጸናል። ሮድሪጎ አለቀሰ። ግርማ የትራምፔቱን ቁልፎች በዘይት ይወለውል ነበር። ሰኞ ሥራ ላይ ነው የነገረኝ፤ «ማርታ፣ ከአሥራ ሦስት ዓመቴ ጀምሮ የሆነ ሰው ወደ ሆነ ቦታ ይወስደኛል። ይቺ ብቻ ናት እኔ የመረጥኳት መንገድ።»

ችግሩ በዓሉ እሁድ መሆኑ ነው። ዘጠኝ ሰዓት መድረክ ላይ ነን።

«አንድ እሁድ ብቻ ቅሪ» አለኝ።

«መቅረት አልችልም፤ ኪቦርድ የሚይዝ የለም። ግን ስድስት ሰዓት ያልቃል። እደርሳለሁ።»

«ቃልሽ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

ያ እሁድ ከሰሜን በኩል ያ የምናውቀው ትኩስ ነፋስ የሚነፍስበት፣ ሣሩ እንደ ወረቀት የሚንኮሻኮሽበት ቀን ነበር። አዳራሹ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ከናይሮቢ የመጣ እንግዳ ሰባኪ ነበረን። ስድስት ሰዓት ሲሆን ስብከቱ ገና መሃሉ ላይ ነው። ስድስት ተኩል ሲሆን ለጸሎት ወደፊት ኑ አለ፤ ሰው ተነሣ፣ አለቀሰ። ጸሎት እየተደረገ ኪቦርድ አይቆምም፤ በቀስታ መጫወት አለብኝ። ሰባት ሰዓት። ላቤ ቁልፎቹ ላይ ይንጠባጠባል። ልነሣ እልና ጋሼ ዓይኑን ገልጦ ያየኛል፤ በፈገግታ፣ በኩራት። አልተነሣሁም።

ሰባት ተኩል ላይ በሩ ተከፈተ።

ብርሃኑ መጀመሪያ ዓይናችንን ወጋው። ከዚያ ግርማን አየሁት። ነጭ ሱፍ ለብሷል፣ ቀይ ከረባት አድርጓል፣ ትራምፔቱን በእጁ ይዟል። ከኋላው ሮድሪጎ ሞተሩን ሳያጠፋ ያቆመው ቫን ይሰማል። ግርማ እግሩን በቀስታ እያነሣ በግድግዳው በኩል ወደ እኔ መጣና ጎንበስ ብሎ «ማርታ፣ ጊዜ የለንም» አለኝ።

ጸሎቱ ቆመ። ያ ሁሉ ሰው ዞረ። ጋሼ ከፊት መጣ።

«ወንድሜ፣ ማንን ፈልገህ ነው?»

ግርማ እኔን አየኝ። እንድናገር ነው የጠበቀው። አንዲት ቃል ትበቃው ነበር።

«ታውቂዋለሽ?» አለኝ ጋሼ።

ያሳደገኝን ሰው አየሁት። ያን ጊዜ የታየኝ እሱ ሰው ሁሉ ፊት እንዴት እንደሚያፍር ነው፤ ከቤት ስወጣ፣ ሻንጣዬ በር ላይ ሲቀመጥ ታየኝ። አፌ ከእኔ ቀድሞ ተናገረ።

«ሥራ ቦታ ነው የማውቀው። ይከታተለኛል።»

ከዚያም ጨመርኩ። «ተወኝ ብዬዋለሁ፤ እምቢ አለኝ።»

ይቺን ሁለተኛዋን ማንም አልጠየቀኝም። የመጀመሪያዋን ፍርሃት ነው ያናገረኝ እላለሁ። የሁለተኛዋን ግን ምን እንዳናገረኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከቤተ ክርስቲያናችን ሁለት ወንድሞች ግርማን ግራና ቀኝ ክንዱን ያዙት። አልታገለም። ፊቱ ላይ ንዴት ፈልጌ አጣሁ፤ ንዴት ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ትልቅ ሰው አድራሻ ሲሳሳት የሚያሳየው ዓይነት መሸማቀቅ ነበር ያየሁት። «ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ተሳስቻለሁ» አለና ወጣ። በሩ ሲዘጋ እንግዳው ሰባኪ «ጠላት አፍሯል፣ እንዘምር» አለ። እኔም ተጫወትኩ። መዝሙሩን እስከ መጨረሻው ተጫወትኩ።

አመሻሹ ላይ ሮድሪጎ ወደ ቤታችን ደወለ። ስልኩን ያነሣሁት እኔ በመሆኔ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ፤ ለዚህ እንኳ ማመስገኔን ሳስታውሰው ያስጠላኛል። በዚያ ስብርብር እንግሊዝኛው «ተሻለሽ ወይ?» አለኝ። ግርማ ከአዳራሹ ወጥቶ ቫን ውስጥ ሲገባ «ታማለች፤ ራሷን ስታለች፤ እንሂድ» ብሏቸዋል። ያለ ፒያኖ ወጡ። በሁለተኛው ዘፈን ግርማ ከፍ ሊል ሲል ድምፁ ተሰበረበት፤ ከንፈሩ ተሰንጥቆ ደም ነጩ ሱፉ ላይ ወረደ፣ ግን አላቆመም። ጅጅጋን ሲጀምሩ ፒያኖ የሌለው ጅጅጋ ሆነ። የሲድኒው ሰው ሙዚቃው ሳያልቅ ሄደ።

«ተሽሎኛል» አልኩት። «ትንሽ ተሽሎኛል።»

ነገሩ እዚያ ቢቆም ምናልባት ይቅርታ የምጠይቅበት ቀን ይመጣ ነበር። አልቆመም። ጋሼ ጉዳዩን ወደ ማኅበረሰቡ ሽማግሌዎች ወሰደው፤ ግርማ የኦርቶዶክሶቹ ልጅ ስለነበር ቄሱም ባሉበት ጠየቁት። የባንዱ ፎቶ ነበረው። ስምንት ምስክር ነበረው። «እሷ ናት በፈቃዷ የምትመጣው» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ያለው ግን «ከእንግዲህ አጠገቧ አልደርስም» ነው። ይህን የነገረኝ ጋሼ ራሱ ነው፤ «አመነ» ብሎ። ጥፋቱን ያመነ መሰላቸው። እኔን እንደሸሸገኝ ገብቶኛል፤ ገብቶኝም እራት በላሁ።

በሳምንቱ ሥራውን ለቀቀ። ወሬው ከእሱ ቀድሞ በየቤቱ ደርሷል፤ ሴት ልጅ የሚያሳድድ፣ ጸሎት ቤት ድረስ ሰክሮ የመጣ ተባለ። መስከሩን ማን እንደጨመረው አላውቅም። በየሠርጉ ትራምፔት ይነፋ ነበር፤ መጥራት ተዉ። ባንዱ ከፋሲካ በፊት ፈረሰ። ሰንሻይን ዌስት መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲጭንና ሲያወርድ ኖረ፣ ወገቡ እስኪከዳው። አላገባም። ከዚያ በኋላ ባንድ አልመራም።

ከዓመታት በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ አይቼዋለሁ። አግብቼ ሁለት ልጅ ወልጄ ነበር፤ ትንሿን በጋሪ ይዤ ባቡር ገባሁ። ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። ፀጉሩ ሸብቷል። አየኝ፣ ልጄን አየ፣ ራሱን በትንሹ ዝቅ አድርጎ ሰላም አለኝ። አፌን ከፍቼ ስሙን ልጠራ ስል ባቡሩ ቆመ፣ እሱም ተነሥቶ ወረደ። እዚያ ጣቢያ ምንም ጉዳይ አልነበረውም። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ በመስኮት አየሁት፤ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ የሚቀጥለውን ባቡር ይጠብቃል። አጠገቤ አልደርስም ብሎ ነበር፤ ቃሉን ጠበቀ።

ከቀብሩ በኋላ በቀጥታ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። ስልሳ አምስት አልፎታል፤ ጉልበቱን ያመዋል፤ ጓሮው ውስጥ ጎመኑን ውሃ ያጠጣ ነበር።

«ግርማን ቀበርነው» አልኩት።

«የትኛውን ግርማ?»

«ታውቀዋለህ።»

የውሃውን ጎማ መሬት ላይ አስቀመጠ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ያላልኩትን በአንድ ትንፋሽ አልኩት። «ጋሼ፣ ያን ቀን ዋሽቼሃለሁ። አልተከታተለኝም። በእግሬ የምሄደው እኔ ነበርኩ። የባንዱ ፒያኖ ተጫዋች እኔ ነበርኩ።»

«አውቃለሁ» አለ።

«መቼ ሰማህ?»

«ያኔ። ከዚያ እሁድ በፊት። ኦቨርታይም ስትዪኝ አንድ ቅዳሜ ተከትዬሽ ኬንሲንግተን መጣሁ። መስኮቱ ሥር ቆሜ ሰማሁ።» ወደ ጎመኑ እያየ ጨመረበት፤ «ጥሩ ትጫወቺ ነበር።»

ውሃው ከጎማው እየፈሰሰ ጫማዬ ውስጥ ገባ። ሁለታችንም አልዘጋነውም።

«እያወቅክ ነው ታውቂዋለሽ ብለህ የጠየቅከኝ?»

«እንድትመርጪ ነው።»

«እያወቅክ ሽማግሌ ፊት አቆምከው?»

«ያልሽው አንቺ ነሽ፣ ማሪዬ። እኔ ያልሽውን ነው የያዝኩት።» ጉልበቱን ይዞ ጎንበስ አለ። «ብናገር ኖሮ አብረሽው ትሄጂ ነበር። ከአንቺ ሌላ ማን ነበረኝ?»

ልጠላው ሞከርኩ፤ በመኪናዬ እስከ ቤቴ ድረስ ሞከርኩ። አልሆነልኝም፤ እሱ የጠየቀኝ ጥያቄ ነው፤ መልሱ የኔ ነው። ጸሎት ላይ ለጌታ ብዙ ጊዜ ተናዝዣለሁ፣ ይቅር ብሎኛልም ብዬ አምናለሁ። ግን ለጌታ መንገር ለሰው ከመንገር ይቀላል፤ እሱ ለማንም አያወራም።

ስለዚህ አሁን ለሰው እየነገርኩ ነው። ያኔ ወሬውን የሰሙ፣ ዛሬም በሕይወት ያሉ ሰዎችን እየፈለግኩ አንድ በአንድ እየሄድኩ ነው። አንዳንዶቹ አርጅተዋል፤ ልጆቻቸው በእንግሊዝኛ «እማማ፣ እንግዳ መጣልሽ» ብለው ያስገቡኛል። ግርማ ስላቸው ያስባሉ፣ ግንባራቸውን ያሻሉ። «እ... ያ ትራምፔት የሚነፋው? የሆነ ነገር ነበረበት እኮ» ይሉኛል። ምን እንደነበረበት ስጠይቃቸው አያስታውሱም። ነገሩን ረስተውታል፤ የሆነ ነገር እንደነበረበት ግን አንዳቸውም አልረሱም። እኔም ወንበር ስቤ እቀመጥና የነበረበት ነገር እኔ እንደሆንኩ ከመጀመሪያው እነግራቸዋለሁ።